የተጎዳ ስፖርተኛ መቼ ይመለስ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 በእንዲህ ያለ በዓል የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች ግዴታ ቢናገሩ የተለመደ ነው። እኛ ለዛሬ የመረጥነው ርእስ ግን ከኳስ ሜዳና ከሩጫ የመጣ ነው። ይኸውም፤ በስፖርት የሚተዳደሩ ሰዎች ከተጎዱ በኋላ በሚገባ ሳይድኑ ቸኩለው ወደ ውድድር ይመለሳሉ ወይስ አይመለሱም? የሚል ነው።

ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ብታዳምጡን፤ ነገሩ በሩቅ አገር ያሉትን ዝነኞች ብቻ የሚመለከት ሳይሆን በዚህ በኛ ግቢ፤ ይልቁንም በፊታችን ቅዳሜ የሚነካን መሆኑን ትረዳላችሁ። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ይህን ጥያቄ በክፍላችን ባነሣነው ጊዜ በሁለት ወገን ተከፈልን። አንደኛው ወገን፤ «ስፖርተኛ የገዛ አካሉን ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ልብ ያለው ሰው ሕመሙን ያሸንፋል» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፤ «ልብና ጅማት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ ልብ ቢደፍርም ጅማት ሊበጠስ ይችላል» ሲል መለሰ። ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ።

የመጀመሪያው ወገን ያቀረበው ምስክር ከሁሉ የከበረ ነበር፤ እርሱም ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። አበበ በ1960 በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ካሸነፈ በኋላ፤ በ1964 ለቶኪዮ ኦሎምፒክ በሚሰናዳበት ጊዜ ትርፍ አንጀቱን ታመመና በቀዶ ጥገና ታከመ። ከዚያ እስከ ውድድሩ ቀን የቀረው ጊዜ ከ40 ቀን የሚበልጥ አልነበረም። ሆኖም ጥቅምት ወር ውስጥ በቶኪዮ ጎዳና ተሰልፎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በሆነ ጊዜ አሸነፈ፤ በዓለም እስከዚያ ቀን ድረስ ማራቶንን በዚህ ፍጥነት የሮጠ አልነበረም። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ባዚል ሂትሊ ወደ ስታዲየሙ የገባው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ አበበ በሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ጓደኞቻችን ይህን ተናግረው ሲጨርሱ፤ «እንግዲህ ምን ትመልሳላችሁ?» ብለው ጠየቁን።

መልሱ የተገኘው ከዚያው ከአበበ ታሪክ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፤ በ1968፤ ይኸው ጀግና ለሦስተኛ ጊዜ ለማሸነፍ በሜክሲኮ ከተማ ተሰለፈ። በዚህ ጊዜ ግን የታመመው እግሩ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ መቀጠል ተስኖት ከውድድሩ ወጣ፤ የአገራችንንም ክብር ተረክቦ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ሆነ።

እስቲ ሁለቱን ቀኖች አስተያዩአቸው። በቶኪዮም በሜክሲኮም የሮጠው አንድ ሰው ነው፤ ድፍረቱም አልተለወጠም። የተለወጠው ጉዳቱ ነው። በቶኪዮ የተቀደደው ሆዱ ነበርና ቍስሉ ገጥሞለት ነበር፤ በሜክሲኮ ግን የታመመው በየእርምጃው የሰውነቱን ክብደት የሚሸከመው እግሩ ራሱ ነበር። ስለዚህ አበበ የሚያስተምረን፤ ደፋር ሰው ሁሉ ጉዳትን ያሸንፋል የሚል ትምህርት አይደለም። ድፍረት የሚረዳው አካሉ ለሥራው ሲበቃ መሆኑን ያስተምረናል።

ከዚህ ቀጥለን፤ የተጎዳ አካል እንዴት እንደሚድን ከሳይንስ መምህራችን ጠይቀን የተረዳነውን በአጭሩ እንነግራችኋለን። ጡንቻ ወይም ጅማት በተቀደደ ጊዜ መዳኑ በሦስት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ቦታው ያብጣል፤ ይሞቃል፤ ያማልም። ይህ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ይበርዳል። ቀጥሎ ሰውነታችን የተቀደደውን ቦታ በአዲስ ክር መሰል ሥጋ ይጠግነዋል፤ ይህም ሳምንታት ይፈጃል። በመጨረሻ ያ የተጠገነው ሥጋ በሥራ እየለመደና እየጠነከረ ይሄዳል፤ ይህ ሦስተኛው ደረጃ እንደ ጉዳቱ ዓይነት ወራት፤ አንዳንድ ጊዜም ዓመት ያህል ይወስዳል። ጅማት ደም በብዛት ስለማይደርሰው ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ይድናል።

ትልቁ አሳሳች ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ የሚጠፋው ኀይሉ ከመመለሱ አስቀድሞ ነው። ስፖርተኛው ተራምዶ አላመመውም፤ ሮጦም አላመመውም፤ ስለዚህ ድኛለሁ ይላል። የተጠገነው ቦታ ግን ገና አዲስ ግድግዳ ነው። ጭቃው ሳይደርቅ ጣራ የሚጭንበት ሰው ቤቱ ቢወድቅበት ማንን ይወቅሳል? አባቶቻችንም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት በከንቱ አይደለም።

አሁን ደግሞ በዓለም የታወቁ ሁለት ምሳሌዎችን እናቅርብ።

የመጀመሪያው የብራዚሉ ኳስ ተጫዋች ሮናልዶ ነው። ለኢጣልያኑ ክለብ ለኢንተር ሚላን ሲጫወት በኅዳር 1999 የጉልበቱ ጅማት ተጎዳና በቀዶ ጥገና ታከመ። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላው፤ በሚያዝያ 2000፤ ሮማ ላይ ከላዚዮ ጋር በተደረገው የዋንጫ ግጥሚያ ተቀይሮ ገባ። ከገባ ገና ጥቂት ደቂቃ እንደ ሆነው፤ ማንም ሳይነካው፤ ኳስ ይዞ ሲታጠፍ ያው ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ። ከጉልበቱ ሎሚ ጋር የተያያዘው ጅማት ፈጽሞ ተበጥሶ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ሳይወድ በግዱ ብዙ ወራት ታገሠ፤ በ2002ም በጃፓንና በኮሪያ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ስምንት ግብ አገባ። ብራዚል በፍጻሜው ጀርመንን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ሁለቱንም ግቦች ያስቈጠረው እርሱ ነው። ስለዚህ በአንድ ሰው ላይ የችኮላንም ዋጋ የትዕግሥትንም ፍሬ እናያለን።

ሁለተኛው አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኬቨን ዱራንት ነው። በግንቦት 2019 ባቱን ተጎድቶ አንድ ወር ያህል ካረፈ በኋላ፤ ቡድኑ በፍጻሜው ተከታታይ ግጥሚያ ሊሸነፍ ሲቃረብ በሰኔ ወር ቶሮንቶ ላይ ተሰለፈ። ጥሩ አጀማመር ነበረው፤ 11 ነጥብም አስቈጠረ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ግን ከባት ወደ ተረከዝ የሚወርደው ትልቁ ጅማት ተበጠሰ። ቡድኑ የዚያን ዕለት በአንድ ነጥብ ቢያሸንፍም ዋንጫውን አላገኘም፤ እርሱም ቀጥሎ የመጣውን የውድድር ዘመን በሙሉ ሳይጫወት ቀረ። እርሱም እንደ ሮናልዶ ሁለተኛውን ጊዜ በትዕግሥት ጠበቀ፤ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ተመልሶ በ2021 በቶኪዮ ከአገሩ ቡድን ጋር የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ።

አንድ ሁለት ሰው በመጥቀስ ብቻ ነገር አይረጋገጥም የሚለን ቢኖር እውነት አለው። ስለዚህ የሐኪሞችን ቈጠራ እንጨምር። በኖርዌይ አገር የጉልበታቸው ውስጥ ማሰሪያ ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ጥገና የተጠገነላቸውን 106 ሰዎች ለሁለት ዓመት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ውጤቱን በ2016 አሳትመዋል። እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ፤ ወደ ጨዋታ መመለሱ በአንድ ወር በዘገየ ቍጥር እንደገና የመጎዳቱ ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንስ ነበር። በተጨማሪም ከመመለሳቸው በፊት የተጎዳው እግር ጕልበት ከደኅናው እግር ጕልበት ቢያንስ 90 ከመቶ መድረስ አለመድረሱን፤ በአንድ እግር መዝለልም የዚያኑ ያህል መቻል አለመቻሉን በልክ መርምረዋል። ይህ ከቀን መቍጠሪያና ከሰውየው ምኞት ይልቅ አካሉን ራሱን መጠየቅ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እየታወቀ ስፖርተኞች ለምን ይቸኩላሉ? እኛ አራት ምክንያቶች አገኘን።

አንደኛ፤ የውድድሩ ቀን አይጠብቅም። ኦሎምፒክ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። የሯጭ ምርጥ ዕድሜ ደግሞ አጭር ስለሆነ ያን ቀን ያሳለፈ ሰው ምናልባት ሌላ አያገኝም።

ሁለተኛ፤ የእንጀራ ጕዳይ ነው። በጎዳና ሩጫ የሚተዳደሩት የአገራችን ሯጮች ገንዘብ የሚያገኙት በሮጡ ጊዜ ነው። ያልሮጠ አይከፈለውም፤ ከኋላው ግን እናትና አባት፤ ታናናሽ እኅትና ወንድም አሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ተቀምጠን «ለምን ቸኮልህ?» ብለን መፍረድ ለኛ ቀላል ነው።

ሦስተኛ፤ ፈራጁ ነጻ አይደለም። ሐኪሙ የክለቡ ተቀጣሪ ሲሆን፤ አሠልጣኙም ግጥሚያ ሲሸነፍ ሥራውን የሚያጣ ሲሆን፤ «ይረፍ» ብሎ ለመናገር ብርቱ ሰው መሆን ያስፈልጋል።

አራተኛው ምክንያት ተመልካቹ ነው፤ ማለት እኛ። እያነከሰ የሚጫወተውን ጀግና ብለን እናጨበጭብለታለን፤ ጤናውን ለመጠበቅ የተቀመጠውን ግን ፈሪ እንለዋለን። በዚህ በአራተኛው ምክንያት ላይ ኋላ እንመለስበታለን።

እውነቱን ለመናገር ግን ክርክሩ ሁሉ በአንድ ወገን ብቻ የሚደመደም አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 ወደ ሲድኒ የሄደው የተረከዙን ጅማት እያመመው ነበር። ሆኖም በ10,000 ሜትር የኬንያውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ወርቅ አገኘ፤ ከዚያ በኋላም ጅማቱን በቀዶ ጥገና ታከመ። ባይሮጥ ኖሮ ያ የማይረሳ ድል ባልተገኘም ነበር። ነገር ግን ያው ጅማት በ2004 በአቴና እንደገና አስቸገረውና አምስተኛ ወጣ። አንድ ዐዋቂ ሰው አደጋውን ተረድቶ፤ ዋጋውንም እኔ ራሴ እከፍላለሁ ብሎ ቢወስን፤ ነጻ ፈቃዱ ነውና እናከብርለታለን። የምንቃወመው አደጋው ሳይነገረው፤ ወይም «አይሆንም» ለማለት እንዳይችል ሆኖ የሚገባውን ነው።

በሌላ በኩል መታገሥ ድልን እንደማያሳጣ ጥሩነሽ ዲባባ አስመስክራለች። በ2008 በቤይጂንግ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ካገኘች በኋላ ጉዳት አስቸግሯት፤ በ2009 የበርሊኑ፤ በ2011 ደግሞ የዴጉው የዓለም ሻምፒዮና አመለጣት። በዚያ ጊዜ ዘመኗ አለፈ ያሉ አልጠፉም። በ2012 በለንደን ግን 10,000 ሜትሩን እንደገና አሸነፈች፤ በ5,000ም ነሐስ ጨመረች።

ቀነኒሳ በቀለም ባቱን ተጎድቶ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ2011 በዴጉ ሲሰለፍ ሰውነቱ አልታዘዝ ስላለው 10,000 ሜትሩን አቋርጦ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው በብሩክሴል ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። ማቋረጥ ሁልጊዜ ሽንፈት አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤

እስካሁን ስለ ሌሎች ተናገርን። አሁን ስለ ራሳችን እንናገራለን። ይህን የምናደርገው ነገሩ የደረሰበት ጓደኛችን «ንገሩ» ብሎ ስለ ፈቀደልን ነው።

የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን ክፍላችን ለክፍሎች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ጨዋታው ቅዳሜ ሊሆን ሰኞ ዕለት በልምምድ ላይ የግራ ክንፍ ተጫዋቻችን ቍርጭምጭሚቱ ዞረ። እግሩ አበጠ። እርሱ «አልችልም» ብሎን ነበር። እኛ ግን ዐርብ ማታ ተሰብስበን ለመንነው፤ ልመናው ባይሠራ ቀለድንበት፤ «አንተ ወንድ አይደለህም ወይ?» አልነው። ቅዳሜ ጧት እግሩን በፋሻ ጥብቅ አድርገን ያሰርነው እኛው ነን። ለመምህራችንም «ድኗል» ብለን የነገርናቸው እኛው ነን። በሁለተኛው አጋማሽ እየሮጠ ሳለ ያው እግሩ ተጠመዘዘና ወደቀ። እኛ 2 ለ 1 አሸነፍን። እርሱ አጥንቱ ተሰንጥቆ እግሩ በጄሶ ታሰረ፤ ሰባት ሳምንት በምርኩዝ ሄደ፤ የመንፈቁን ፈተና ከእኛ ጋር መቀመጥ አልቻለም። እናቱ ጧት ገበያቸውን ትተው በጋሪ ያመላልሱት ነበር።

ልንጠይቀው ወደ ቤቱ በሄድን ጊዜ እናቱ አልተቈጡንም። ቡና አፈሉልን፤ ቆሎ አቀረቡልን። ከዚያ፤ «ልጆቼ፤ ለመሆኑ ዋንጫው ደኅና ነው?» ብለው ጠየቁን። ከመካከላችን መልስ የሰጠ አልነበረም። ዋንጫው እስከ ዛሬ በቢሮው ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ በአጠገቡ ባለፍን ቍጥር ያ ጥያቄ ይታወሰናል። እማማ፤ ዛሬ እዚህ ከወላጆች ጋር ተቀምጠዋልና በሁሉ ፊት ይቅርታዎን እንለምናለን።

እንግዲህ ስለ ተመልካቹ ኋላ እንመለስበታለን ያልነው ይህን ነው። ሮናልዶን ወይም ዱራንትን ማን እንደ ገፋፋቸው እኛ ልንፈርድ አንችልም። ጓደኛችንን ማን እንደ ገፋው ግን እናውቃለን። የገፋፋነው ዳኛውና አሠልጣኙ፤ ሐኪሙም ተመልካቹም ሆነን እኛው ነበርን። የእርሱ ድርሻ ግን ሕመሙ ብቻ ሆነ።

በፊታችን ቅዳሜ ከቀድሞ ተማሪዎች ጋር የበዓሉን ግጥሚያ እናደርጋለን። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በረኛችን ከሁለት ሳምንት በፊት የታፋው የኋላ ጡንቻ ተጎድቷል። እርሱ ድኛለሁ ይላል፤ በእርግጥም ሲራመድ አያነክስም። ማክሰኞ ዕለት ከስፖርት መምህራችን ጋር ሆነን በአንድ እግሩ እንዲዘል አድርገን በሜትር ለካነው። በደኅናው እግሩ 160 ሴንቲ ሜትር ዘለለ፤ በተጎዳው ግን 110 ብቻ። ዘጠና ከመቶ ለመድረስ 144 መዝለል ነበረበት። ስለዚህ ቅዳሜ አይጫወትም። በእርሱ ቦታ የ11ኛ ክፍል ወንድማችን ይቆማል፤ ምናልባትም ብዙ ግብ ይገባብን ይሆናል። በረኛችን ተቀይሞን ሁለት ቀን አላነጋገረንም። ወንድማችን ሆይ፤ ቅያሜህን እንቀበላለን፤ ቤታችሁ መጥተን ከጄሶህ አጠገብ ቡና ከምንጠጣ ቅያሜህ ይሻለናል።

ንግግራችንን ከመፈጸማችን በፊት ሦስት ነገሮችን በአክብሮት እንለምናለን።

አንደኛ፤ የተጎዳ ተማሪ መመለሻው በጓደኞቹ ጭብጨባ ሳይሆን በሐኪም ወይም ኀላፊነት ባለው መምህር እንዲወሰን፤ ከመመለሱም በፊት ሁለቱ እግሮቹ እንዲለኩ፤ ትምህርት ቤታችን ደንብ ያውጣልን። ራሱን ተመትቶ የደነዘዘ ተማሪ ደግሞ በዚያው ቀን ፈጽሞ እንዳይመለስ። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ሕግ እንኳ ከ2024 ወዲህ ራሱን የተመታ ተጫዋች ሲወጣ ውድድሮች ተጨማሪ ቅያሬ እንዲፈቅዱ መንገድ ከፍቷል።

ሁለተኛ፤ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ «አልታመምኩም» ሲላችሁ እግሩን አይታችሁ ጠይቁት። እኛ ልጆች ለጨዋታ ስንል እንዋሻለን።

ሦስተኛ፤ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ «አልችልም» ያላችሁን ጓደኛ እመኑት። ያን ቃል ከአፉ ለማውጣት ከመሮጥ ይልቅ ብዙ ድፍረት ጠይቆታል።

እንግዲህ ስፖርተኞች ቸኩለው ይመለሳሉን? ተብሎ ለተጠየቀው የኛ መልስ ይህ ነው። ሁሉም አይደሉም፤ ብዙዎች ግን ይቸኩላሉ። ይህም የሚሆነው የመመለሻቸውን ቀን አካላቸው ሳይሆን ውድድሩ፤ ገንዘቡና ጭብጨባው ሲወስንላቸው ነው። ገንዘቡንና ውድድሩን እኛ መለወጥ አንችልም። ጭብጨባው ግን የኛ ነው። ቅዳሜ ወደ ሜዳ ስትመጡ፤ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት፤ በወንበር ላይ ለተቀመጠው በረኛችን አጨብጭቡለት።